የዳንቴሉ ጫፍ

ሚኒባሱ ከአንኮበሯ ጎረቤላ ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ፍጥነት ሲጨምር፣ ፍቅርተማርያም ጭኗ ላይ ያስቀመጠችውን ነገር በሁለት እጇ ደግፋ፣ «ቀስ በል ኪዳነወልድ! ስለ እመቤቴ ቀስ በል!» አለች። ከተነሱ ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ ይህን ስትል ግን አራተኛ ጊዜዋ ነበር።

ሾፌሩ ኪዳነወልድ በሌላ ቀን ቢሆን «ቀስ በል» ያለውን ተሳፋሪ ለማናደድ ብሎ የሚፈጥን ሰው ነው። ዛሬ ግን «እሺ እቴ» ብሎ ፍጥነቱን ቀነሰ። የፈራው እሷን ሳይሆን የታቀፈችውን ነገር ነበር። ነገሩ በነጭ ነጠላ ተሸፍኗል፤ ከላይ ሞላ፣ ከዳር ክብ ብሏል። መንገዱ ባንገጫገጨው ቁጥር ከውስጡ ቀጫጭን የእንጨት ድምፅ ይሰማል። በነጭ የተሸፈነ ነገር በሁለት እጁ ታቅፎ የሚሄድ ሰው አንኮበር ውስጥ ሲታይ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከኋላ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ገና ሲገቡ ጎንበስ ብለው ተሳልመውታል። ኪዳነወልድም የከፈተውን ዘፈን ዘግቷል።

ከጎኗ የተቀመጡት ቄሰ ገበዝ ወልደኪዳን ግን የሚታለሉ ሰው አልነበሩም። አርባ ዓመት ሙሉ የደብራቸውን ንዋየ ቅድሳት ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ሴት ልጅ ታቅፋው በሚኒባስ የምትሄድ ንዋየ ቅድሳት እንደሌለ ያውቃሉ። ጥቂት ሲያዩዋት ቆዩና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«የመሪጌታ ገብረአማኑኤል ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ አባቴ።»

«እንግዲያው እውነቱን ንገሪኝ። ይሄ ሰው ሁሉ የሚሳለመው ምንድነው?»

«ትራስ ነው አባቴ» አለች ፍቅርተማርያም አንገቷን ደፍታ።

ቄሰ ገበዙ ትራሱን አዩ፣ ከዚያ ከኋላ ያሉትን ሴቶች አዩ፣ ከዚያ ደግሞ የተዘጋውን የሾፌሩን ራዲዮ። ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። «በይ ዝም በይ» አሉ በሹክሹክታ። «እስክንደርስ ዘፈኑ ይዘጋልን።»

ቀኑ ኅዳር አሥራ ሦስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኞ ነበር። ጦርነቱ ወደ ሸዋ ቀርቧል እየተባለ ሰው ሁሉ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ የሰነበተበት ወር ነው። አንዱ ቤቱን ዘግቶ ይሄዳል፣ ሌላው ከሩቅ ተፈናቅሎ ይመጣል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በየከተማው በር ኬላ ቆሟል። በዚያ ሰሞን ሰው መንገድ የሚወጣው ወይ ነፍሱን ሊያድን ነው ወይ የሞተ ሊቀብር። ፍቅርተማርያም ግን የወጣችው ስለ አንድ ክንድ ዳንቴል ነው፤ ይህን ለሰው ለመናገር ታፍር ነበር።

ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ሙያዋ ቋጪነት ነው፤ ሸማኔ ሠርቶ ያወረደውን ጋቢና ነጠላ ተቀብላ፣ ጫፉ ላይ የቀረውን ድር ጥንድ ጥንድ አድርጋ እያከረረች ትቋጫለች። አባቷ መሪጌታ ገብረአማኑኤል ሌሊት ማኅሌት ቆመው ቀን ሽመና የሚቀመጡ ሰው ነበሩ፤ እሷም ከስድስት ዓመቷ ጀምራ የእሳቸውን ሥራ ስትቋጭ አደገች። እሳቸው ካረፉ በኋላ ጫፉ ከነቁጭቱ ተሠርቶ ከፋብሪካ የሚመጣ ነጠላ ገበያውን ሞላው። ቀስ በቀስ «ቁጪልን» የሚላት ሰው ጠፋ። እጅ ሥራ ሲፈታ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

ባለፈው ሰኔ አልዩ አምባ ገበያ ወርዳ ሳለ ዝናብ ያዛትና አንድ ቤት በረንዳ ላይ ተጠለለች። በመስኮቱ ወደ ውስጥ ስታይ፣ አንዲት ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ጭናቸው ላይ ትራስ አድርገው ጥቃቅን እንጨቶች ወዲያና ወዲህ ያመላልሳሉ። ከእንጨቶቹ በላይ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ነጭ ነገር ወጥቷል። ዝናቡ አባራ፤ እሷ ግን አልሄደችም። አሮጊቷ ቀና ብለው፣ «ወይ ግቢ ወይ ሂጂ ልጄ፤ ብርሃኑን ጋርደሽብኛል» አሏት። ገባች።

እትዬ ሰሊሃ የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው አባታቸው ለንግድ ድሬዳዋ ይዘዋቸው ሄደው፣ ከዚራ ሰፈር ከአንዲት ጣሊያናዊት ጎረቤታቸው፣ ከሲኞራ ቴሬዛ፣ ይህን ሥራ ተማሩ። ኋላ አልዩ አምባ ተመልሰው አገቡ፣ ወለዱ፣ ባላቸውን ቀበሩ፤ ሥራውን ግን አንድ ቀን አልተዉም። በሌላ አገር ስንት ሰው እንደሚያውቀው ፍቅርተማርያም አታውቅም። በዚያ አካባቢ ግን ከእሳቸው ሌላ የሚችለው ሰው አልነበረም።

ዳንቴል ነው፤ በኪሮሽ የሚሠራው ዓይነት ግን አይደለም። በጭድ የተጠቀጠቀ ጠንካራ ትራስ ላይ በመርፌ የተበሳሳ ካርቶን ይደረጋል። ክሩ ጣት በሚያህሉ እንጨቶች ላይ ይጠነጠናል። የሸማኔ ልጅ ስለሆነች ፍቅርተማርያም እንጨቶቹን «ቀሰም» አለቻቸው፤ እትዬ ሰሊሃም ስሙን ወደዱት። ቀሰሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይንጠለጠላሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ነገር ብቻ ነው። «ግራን በቀኝ ላይ፣ አሻግሪ። ቀኝን በግራ ላይ፣ ጠምዝዢ። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም» አሏት እትዬ ሰሊሃ። በተሻገረና በተጠመዘዘ ቁጥር ካርቶኑ ቀዳዳ ላይ ስፒል ይተከላል፤ ሥራው እንዳይላላ ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው።

ምስጢር የለውም ቢሉም የመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ጊዜ ክር በጠሰች። የቋጪ እጅ ክር ሲይዝ ማክረር ነው የሚያውቀው። እትዬ ሰሊሃ እየሳቁ፣ «ኧረ አታንቂው! ምን አደረገሽ?» ይሏት ነበር። ሐምሌና ነሐሴን በጭቃ እየወረደች፣ መስከረምንና ጥቅምትን በፀሐይ እየወረደች ተማረች። ሚካኤል ነው፣ ማርያም ናት፣ መድኃኔ ዓለም ነው ብላ በቀረች ቁጥር፣ «የእናንተ ቅዱሳን ዳንቴል አይወዱም እንዴ?» እያሉ ያሾፉባታል። እሷም በበኩሏ አርብ ቀን ቁልቁለቱን ወርዳ ስትደርስ ትራሱ ለጁምዓ ተሸፍኖ አግኝታው፣ አፏን ይዛ የተመለሰችበት ጊዜ አለ። በኋላ ላይ ትራሱንና ቀሰሞቹን አንኮበር ወስዳ ቤቷ እንድትለማመድ ሰጧት። ሰው ለባዕድ ልጅ ይህን ያህል እጁን ይዘረጋል ብላ አስባ አታውቅም። ሥራ የፈታውን እጇን እሳቸው ናቸው ሥራ ያስያዙላት።

አንድ ነገር ግን አልተማረችም፤ መጨረሱን። ዳንቴሉ ሲያልቅ ያ ሁሉ የተንጠለጠለ ክር ምን ይደረጋል? በጠየቀቻቸው ቁጥር፣ «እሱ ኋላ ነው። መጀመሪያ መሄዱን ልመጂ» ይሏታል።

ባለፈው አርብ ዘይኑልአቢዲን የሚባለው ልጃቸው በአይሱዙው መጥቶ እናቱን ወደ ደብረ ብርሃን ወሰዳቸው። እሱ ሚስትና ልጆቹን ይዞ ድሬዳዋ ነው የሚኖረው፤ በዚህ ወሬ ላይ እናቴን ብቻዋን አልተውም ብሎ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ሰሊሃ ደወሉላት። «ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው ያለሁት፣ ዘመድ ቤት። ሰኞ በሰባት ሰዓት ለድሬዳዋ እንነሳለን። የምመለስ አይመስለኝም ልጄ። ትራሱን...» ሲሉ ስልኩ ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላ ኔትወርክ የሚባል ጠፋ።

ፍቅርተማርያም ትራሳቸውን ፈልገው ነው አለች። ባዶውን ከምወስድላቸው፣ የመጀመሪያ ሥራዬን ጨርሼ ስጦታ ላድርግላቸው ብላም ተቀመጠች። አሥራ ሁለት ጥንድ ክር ተንጠልጥሎ አየች። የተንጠለጠለ ክር አይቶ እጁን የሚሰበስብ ቋጪ ደግሞ ገና አልተፈጠረም። ከግራ ጀምራ አንዱን ጥንድ ቋጠረች፣ ቀሰሙን ቆርጣ ጣለች፣ አከረረችና ቋጨችው። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን እንዲሁ። እጇ እንዴት ደስ አለው! ስድስተኛውን እንደጨረሰች ዓይኗ ካርቶኑ ላይ አረፈ፤ ሁለት ረድፍ ያልተሠራ ቀዳዳ ቀርቶ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

የዳንቴሉ ግራ ጎን ታስሮ ቀኙ ተንጠልጥሎ ቀረ። እንዳትቀጥለው ግማሹ ተቆርጧል፤ እንዳትፈታው የቋጪ ቋጠሮ ነው። ስፒሉን ብትነቅለው ይያዝ፣ ይፈታ፣ አታውቅም። እሑድ ኅዳር ሚካኤል ነበር፤ ከተማው ቆሻሻውን አቃጥሎ ሲታጠን፣ እሷ ክር በማይነካበት ቀን ትራሱን ከሩቅ እያየች ስታለቅስ ዋለች። ሰኞ ጠዋት በነጠላ ሸፍና ታቅፋው ወጣች። ከሰባት ሰዓት በፊት ካልደረሰች ዳንቴሉም፣ ሙያውም፣ እሳቸውም አመለጧት ማለት ነው።

ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ ሲደርሱ የመኪናው ሰልፍ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ተራቸው ሲደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ኬላውን የሚያዙት በጡረታ ከቤታቸው ተቀምጠው ሳለ የድሮ ካፖርታቸውን አራግፈው የመጡት ሃምሳ አለቃ ቃለ አብ ነበሩ። ተሳፋሪውን አስወርደው መታወቂያ አዩ። ፍቅርተማርያም ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄስ?»

«ዳንቴል ነው፣ ሃምሳ አለቃ።»

ነጠላውን ገለጥ አደረጉት። ስፒል እንደ አክርማ ተተክሏል፤ ክር ከክር ተያይዟል፤ ከዳር እንጨቶች ተንጠልጥለዋል። በዚያ ሰሞን ክርና ስፒል የተያያዘበት ነገር ደስ አይልም። ሃምሳ አለቃው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ሁላችሁም ራቁ! ውስጡ ምንድነው?»

«ትራስ ነው! ትራስ!» አሉ ቄሰ ገበዝ ወልደኪዳን ከኋላ ጮኸው።

«ትራስ?» ተባባሉ የተሳለሙት ሴቶች። አንደኛዋ ቄሰ ገበዙን በዓይኗ ልትበላቸው ደረሰች።

ሃምሳ አለቃው የእህል ጆንያ የሚወጉበትን ቀጭን ብረት አነሱ። ፍቅርተማርያም ብረቱን ስታይ ምን እንዳደረገች ራሷም አላወቀችም፤ ትራሱ ላይ ጎንበስ ብላ በደረቷ ሸፈነችው።

«ሃምሳ አለቃ፣ በእናትዎ! ክሩ ከተበጠሰ አለቀልኝ። አስተማሪዬ በሰባት ሰዓት አገር ለቀው ሊሄዱ ነው። እንዴት እንደሚጨረስ አላሳዩኝም፤ አበላሽቼዋለሁም፣ እሳቸው ካላዩልኝ የሚያውቅ ሰው የለም...» አለችና እንባዋ ቀደማት።

ሃምሳ አለቃው ብረቱን ዝቅ አደረጉ።

«ሙያሽ ከሆነ ሥሪና ልይ» አሉ።

የአሸዋ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ካልተቆረጡት ውስጥ አራት ቀሰም መረጠች። መጀመሪያ ተሳሳተች። ከዚያ ከንፈሯ ብቻውን መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ግራን በቀኝ ላይ፣ ቀኝን በግራ ላይ። እንጨቶቹ ቀጭ ቀጭ አሉ። አምስተኛው ላይ እጇ መንገዱን አገኘ። ሾፌሮች ሞተር አጥፍተው ወረዱ፤ ጠመንጃ የያዙትም አንገታቸውን አሰገጉ።

«ሹሩባ ነው እኮ!» አለ አንዱ ሚሊሻ።

«ዝም በል፣ አታሳስታት» አሉ ሃምሳ አለቃው። ብረቱን መሬት ጥለው ጉልበታቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው ነበር የሚያዩት። «ይሄኛው ወገን ግን ለምን ጋቢ መሰለ?»

«እሱ ነው ጥፋቴ» አለች ፍቅርተማርያም።

ለማሳየት የሠራችውን መልሳ ስትፈታ ቆመው ጠበቋት። ከዚያ ነጠላውን በገዛ እጃቸው አለበሱትና፣ «ስንት ሳምንት ሙሉ እዚህ ቆሜ የምፈትሸው የሚሰብርና የሚያቃጥል ነገር ነው» አሉ። «እንኳን መጣሽ ልጄ። ኪዳነወልድ! ጠባሴ ድረስ ቀጥ አድርገህ አድርሳት። ማንም እንዳያቆምህ፣ ቃለ አብ ነው ያለኝ በል።» ፍቅርተማርያም ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል፣ ትራሱ እንዳይወድቅ እሳቸው ናቸው የያዙላት።

ጠባሴ ሲደርሱ አይሱዙው ሸራው ተወጥሮ፣ ሞተሩ ተነስቶ ቆሟል። ዘይኑልአቢዲን የመጨረሻውን ገመድ እያጠበቀ ነበር። «ኬላው ሳይበዛ ልንወጣ ነው፣ እህቴ» አላት። ፊቷን ሲያይ ግን ገመዱን ለቀቀና የመኪናውን በር ከፈተላት። «እሺ፣ እስከ ሰባት ሰዓት። ከዚያ በላይ አልችልም።» ሃያ ደቂቃ ቀርቷል።

እትዬ ሰሊሃ ከሾፌሩ ወንበር ጎን ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«አልሐምዱሊላህ! መጣሽ? ወላሂ ኬላው አያሳልፋትም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።»

«ትራስዎን አምጥቻለሁ፣ እትዬ» አለች ከጎናቸው ወጥታ እየተቀመጠች። «ግን ሳያዩት አስቀድሜ ልንገርዎ፤ አበላሽቼዋለሁ።»

ነጠላውን ገለጡት። አንድ ጆሮው በክር የታሰረ መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸው በተሠራው ላይ ሄዶ ሄዶ ግራ ጫፍ ላይ ቆመ፤ ስድስቱን ቁጭት አንድ በአንድ ዳሰሱ። ፍቅርተማርያም ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ማን አሳየሽ ይሄን?»

«ማንም። ጋቢ የምቋጭበት ነው። ጨርሼ ስጦታ ላምጣልዎ ብዬ... ይቅር ይበሉኝ እትዬ። መፍታት ከተቻለ ያሳዩኝ። ካልተቻለም ይቅር፣ ሌላ እጀምራለሁ። ግን ጫፉ እንዴት እንደሚጨረስ ሳያሳዩኝ አይሂዱ። እርስዎ ከሄዱ ማንን እጠይቃለሁ?»

እትዬ ሰሊሃ መነጽራቸውን አወለቁ። የልጃቸውን መራቅ አረጋገጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ፍቅርተ፣ እኔ ጫፉን አላውቀውም።»

«ምን አሉ?»

«አላውቀውም። ሲኞራ ጫፉን ራሷ ነበር የምትጨርሰው። ስጠይቃት ‹ነገ አሳይሻለሁ› ትለኛለች። አንድ ጠዋት ስሄድ ቤቱ ተቆልፏል፤ በባቡር ጅቡቲ ሄዱ አሉኝ። ይሄን ትራስ አባቴ ዘንድ ትታልኝ ነበር። ያቺ ነገ ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣችም።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዳንቴል እንዴት ይጨርሱት ነበር?»

«እደብቀዋለሁ። የሻሽ ጠርዝ ሲሆን አጥፌ ከሥር እሰፋዋለሁ፣ የትራስ ልብስ ሲሆን ስፌቱ ውስጥ እከተዋለሁ። አይቶብኝ የሚያውቅ ሰው የለም። አንቺንም ‹ኋላ ነው፣ ኋላ ነው› ያልኩሽ ለዚሁ ነው። አፍሬ ነው ልጄ። አስተማሪ ተብዬ አላውቅም ማለት አቃተኝ።»

ፍቅርተማርያም መጀመሪያ ተናደደች። ቅዳሜ የተጨነቀችውን፣ እሑድ ያለቀሰችውን፣ የኬላውን ብረት አሰበች። የእሳቸውን ፊት ስታይ ግን ንዴቱ የት እንደገባ አላወቀችም። እኚህ ሴት ያላቸውን ሁሉ ሰጥተዋታል፤ ያልሰጧት የሌላቸውን ብቻ ነው። ከአንጀቷ አመሰገነቻቸው። ምስጋናው ግን በአፏ ሲወጣ ሳቅ ሆኖ ወጣ፤ እትዬ ሰሊሃም መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ እሳቸውም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«በይ አሁን» አሉ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ደብቀሽ አትያዢብኝ። አሳዪኝ።»

«እኔ? እርስዎን?»

«አዎ፣ አንቺ። ክር ከቋጪ በላይ ማን ያውቃል? ይሄ ያንቺ ጫፍ እኮ ያምራል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስደብቀው የኖርኩት ነገር እንዲህ በአደባባይ ሲወጣ ያምራል ብዬ አስቤም አላውቅ።»

የቀሩትን ሁለት ረድፎች ተዉአቸው፤ ጊዜም የለ። ፍቅርተማርያም የቀኙን ስድስት ጥንድ ከሥሩ አጠባብቃ ቋጠረች፣ ቀሰሞቹን ቆረጠች። አሁን የቀረው ስፒሉን መንቀል ነው። እሷ አልደፈረችም። «ቢስሚላህ» አሉ እትዬ ሰሊሃ፤ አንድ ነቀሉ። «በስመ ሥላሴ» አለች እሷ፤ ሌላ ነቀለች። እንዲህ እየተፈራረቁ ጨረሱት። ዳንቴሉ አልተፈታም። እትዬ ሰሊሃ በሁለት ጣታቸው አንስተው በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጉት።

«ማሻአላህ! ይሄው ሐምሌ» አሉ የጠማማውን መነሻ እየጠቆሙ። «ሰክሮ ነው የሚሄደው። ይሄ ነሐሴ፤ እዚህ ጋ እንዳኮረፍሽኝ ያስታውቃል፣ አንቀሽዋል። መስከረም ላይ ተሻለሽ። ጥቅምት... ጥቅምትን እኔም አልሠራው።»

ፍቅርተማርያም አራት ወር ሙሉ አጎንብሳበት ስትውል ቆንጆ መሆኑን አላየችውም ነበር። አሁን አየችው።

«ለእርስዎ ነው» አለች። «ትራሱንም ይውሰዱት፣ የእርስዎ ነው።»

«ዳንቴሉን እቀበላለሁ። ትራሱ ግን ያንቺ ነው፤ ቅዳሜ ልነግርሽ ስል ነው ስልኩ የተቋረጠው። ሲኞራ ለእኔ ተወችው፣ እኔ ለአንቺ እተወዋለሁ። አሁን ማክረሩን አሳዪኝ፤ ሰዓቴን አትብዪብኝ።»

ዳንቴሉን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋችላቸው። «ሁለቱን ክሮች ለየብቻ ወደ ቀኝ ያክርሩ። እስኪጠቀለል ድረስ... አዎ። አሁን አንድ ላይ ይያዙና ወደ ግራ ይልቀቁት።» የመጀመሪያው ላልቶ ተበተነ። «ጠበቅ እትዬ፣ ጠበቅ! አይራሩለት!» ስትል ራሷን ሰማችና አፈረች፤ እሳቸው ግን አልሰሟትም፣ እንደገና ጀምረው ነበር። ሁለተኛውም ተበተነ። ሦስተኛው ያዘ። እትዬ ሰሊሃ የያዘውን ቁጭት ከፍ አድርገው ሲያዩ፣ ፍቅርተማርያም አምስት ዓመት እንኳ የማይሞላት ልጅ ያየች መሰላት።

ዘይኑልአቢዲን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «እማ፣ ሰባት ሰዓት ነው።»

«አራት ቀርቶኛል።»

«መንገድ ላይ ትጨርሺዋለሽ።»

ፍቅርተማርያም ትራሱን ታቅፋ ወረደች። በሩ ከመዘጋቱ በፊት፣ ከአንኮበር ጀምራ በልቧ ስታሰናዳ የመጣችውን መናገር ፈለገች። «እትዬ ሰሊሃ፣ ቤትዎን ከፍተው፣ የማያውቁኝን ሰው እንደ ልጅ...»

«ቆዪ፣ ቆዪ» አሉ እትዬ ሰሊሃ ጣታቸውን ሳያነሱ። «ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ ያልሽኝ?»

«ለየብቻ ወደ ቀኝ፣ አንድ ላይ ወደ ግራ።»

«ወደ ግራ» ብለው ደገሙ።

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ዘይኑልአቢዲን እጁን በመስኮት አውጥቶ ተሰናበታት። እሷም ከኋላ ጥቂት ሮጠችና፣ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ! እግዜር ዕድሜ ይስጥልኝ!» ብላ ጮኸች፤ የጠባሴ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። በወዲያኛው መስኮት የሚታየው የእትዬ ሰሊሃ የጎን ፊት ብቻ ነበር። ጉልበታቸው ላይ አጎንብሰው፣ የምላሳቸውን ጫፍ በከንፈራቸው ጥግ አውጥተው ያከርራሉ። አይሱዙው መታጠፊያውን ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና አላሉም።

ፍቅርተማርያም ቅር አላላትም። ጀማሪ እንዲህ እንደሆነ ታውቃለች።